ጎደል፣ ልክ ወይስ ሞላ? ለትራክ ቀን የሞተር ዘይት መጠን አመራረጥ

ቅዳሜ ጠዋት ስታዲየም አካባቢ ቡና እየጠጣን አንድ ቪትዝ ያለው ወጣት መጣ። በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በኮን በታጠረ ዝግ ሜዳ ላይ ሊሮጥ ነው፤ የትራክ ቀን የምንለው ይህንን ነው። "ጋሼ፣ ዘይቱን ግማሽ ሊትር ቀንሼለታለሁ። ይቀለዋል ብለውኛል" አለኝ። ጓደኛው ደግሞ ተቃራኒውን ሰምቷል፦ "ኧረ መጨመር ነው እንጂ! ኩርባ ላይ ዘይት ይሸሻል።" ሦስተኛው "ፋብሪካው ካለው ንቅንቅ አትበሉ" አለ። ሦስቱም ከሰው የሰሙትን ነው የሚያወሩት። የሚገርመው ሦስቱም ጋ ትንሽ እውነት አለ።

የነገሩ ሥር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ የሚያጣው ገና ከግቢ ሳይወጣ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ 80 እንኳ ላይሞላ ይችላል። እና የጠፉትን ፈረሶች ፍለጋ የማንገባበት ጉድጓድ የለም። ዘይት መቀነስ አንዱ ጉድጓድ ነው።

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

መመዘኛዎቹ

ትልቁ መመዘኛ አንድ ነው፦ ፓምፑ በኩርባ ላይ ዘይት ያገኛል ወይ? የሞተሩ ዘይት ከሥሩ ባለው ገንዳ፣ ኮፓ በምንለው ውስጥ ይተኛል። ፓምፑ ከኮፓው ወለል ጠጋ ባለች መምጠጫ ይስበዋል። አሁን ድስት ሙሉ ወጥ ይዛችሁ ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጣችሁ አስቡ። ሹፌሩ ሲታጠፍ ወጡ ወደ አንድ ጎን ይወጣል አይደል? ኮፓ ውስጥም ያው ነው። ደህና ጎማ ያላት መኪና ጥግ ድረስ ተገፍታ ስትታጠፍ የዘይቱ ገጽ ወደ 40 ዲግሪ ያጋድላል። መምጠጫው ያለበት ጎን ባዶ ከቀረ ፓምፑ አየር ይጠጣል። በ6,000 አርፒኤም (በደቂቃ 6,000 ዙር) ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል። አንድ ሰከንድ ያለ ዘይት ማለት መቶ ዙር ብረት በብረት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚላጠው ብሮንዚና፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን ነው። ከዚያ ወሬው ሞተር ስለማውረድ ይሆናል።

ሁለተኛው መመዘኛ የዚህ ግልባጭ ነው፦ ክራንክሻፍቱ ዘይቱን እንዳይመታው። ዘይቱ ከበዛ የሚሽከረከረው ብረት እየገረፈ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ግማሹ አየር ነው። ዘይት መስሎ ይሄዳል፣ ሥራ ግን አይሠራም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ትራክ ላይ ዘይት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን አያስደነግጥም። 130 ካለፈ ፍጥነት ቀንሱ። 150 ከደረሰ ውጡ፣ ክርክር የለውም። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላም አትርሱ። የራዲያተር ክዳናችሁ ያረጀ ከሆነ ከዘይቱ በፊት ውኃው ያስቆማችኋል።

የቀሩት ሁለቱ ለማንም ግልጽ ናቸው፦ ወጪው፣ እና መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ትወስዳችኋለች ወይ የሚለው። አብዛኞቻችን ለውድድር ብቻ የምናቆማት መኪና የለችንም። እሁድ የምትሮጠው ሰኞ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው ናት።

አማራጭ አንድ፦ ጎደል አድርጎ መሮጥ

የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው ክብደት ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት ከ430 ግራም አይበልጥም። ጠዋት የበላችሁት ፍርፍር ከዚያ ይከብዳል። ይህንን እዚሁ እንተወው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ቀልድ አይደለም። ዘይቱ ዝቅ ካለ ክራንክሻፍቱ የሚጎትተው የዘይት ጭጋግ ይቀንሳል፣ ትንሽ ጉልበትም ይተርፋል። ይህ እውነት የሚሆነው በቀጥታ መስመር ለሚደረግ አጭር ሩጫ ነው። እዚያ ላይ ጥልቅ ኮፓ የተሠራላቸው መኪኖች ለሰከንዶች ብቻ ይሮጣሉ፣ ኩርባ የሚባል ነገር አያዩም። ወሬው ከዚያ ተነስቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ኩርባው መንገድ ላይ ጠፋ።

በዙር ውድድር ሒሳቡ ይገለበጣል። ብዙዎቹ ቶዮታዎቻችን ላይ ያለውን 1.5 ሊትሩን 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ውሰዱ። ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ሲጎድል ከሰባት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። በከፍተኛ አርፒኤም ደግሞ የተወሰነው ዘይት ላይ፣ ቫልቮቹ ባሉበት የሞተሩ ራስ (ቴስታታ) ውስጥ ነው ያለው። የመውረጃ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮፓ ውስጥ የቀረው የዘይት መለኪያው ዘንግ ካሳያችሁም ያነሰ ነው። የቀረው ትንሽ ዘይት ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፣ ሳያርፍ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል።

ሌላም አለ። በዚህ ሞተር ላይ የቫልቮችን ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ሲዋዥቅ ቫልቩ ይዘገያል፣ መኪናዋ ከኩርባ ስትወጣ ትደነዝዛለች። ፈረስ ፍለጋ ሄዳችሁ በእጃችሁ የነበረውን ለቀቃችሁ ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ለዙር ውድድር ይህን አማራጭ አትንኩት።

አማራጭ ሁለት፦ የላይኛው መስመር ላይ፣ በልክ

መለኪያው ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ የታችኛው እና የላይኛው። በብዙ መኪና በመካከላቸው ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ይበልጣል። ለዕለት ተዕለት መንገድ በሁለቱ መካከል መሆኑ ይበቃል። ለትራክ ግን አይበቃም። ለትራክ መጠኑ የላይኛው መስመር ራሱ ነው።

ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለካኩ ላይ ነው። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ፒያሳ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ቸርችል አዙራ የቆመች መኪና ላይ የተለካ ዘይት ውሸት ነው። ሜዳ ወለል ፈልጉ። እኔ የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ ስገባ ሁልጊዜ መለኪያውን አውጥቼ አያለሁ። ጥበቃው አንዴ "ተበላሸ እንዴ ጋሼ?" ብሎኛል።

ሞተሩን አሙቁት፣ አጥፉት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ አስገቡ፣ እንደገና አውጡና አንብቡ። ዘይት የቀየራችሁ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን ጥቂት ሳታስነሱ አትለኩ። አዲሱ ፊልትሮ ብቻውን ወደ 0.3 ሊትር ይጠጣል።

ለጀማሪ፣ በተራ ጎማ፣ አጭር ኩርባ ባለው ሜዳ ላይ ከዚህ የተሻለ የለም። ወጪው የአንድ ሊትር ዘይት ያህል ነው። ሰኞም ምንም ሳትነኩ ወደ ሥራ ትሄዳላችሁ።

ድክመት የለውም አልልም። ረጅም ኩርባ ላይ፣ ማለትም ትልቅ አደባባይን ሳታቋርጡ ሁለቴ እንደመዞር ያለ ኩርባ ላይ፣ ዘይቱ አንድ ጎን ሄዶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። የሚይዝ ጎማ ስትገዙ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። መኪናዋ በፍጥነት በታጠፈች ቁጥር ዘይቱም አብሮ ይሸሻል። ጎማ ላይ ያወጣ ሰው ኮፓውን ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ

መጀመሪያ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ ጋራዥ ዘይት ላስቀይር ገባሁ። መካኒኩ የ5 ሊትሩን ጀሪካን ከፈተ፣ ገለበጠ፣ መገልበጡን ቀጠለ። "ወንድሜ፣ 3.7 እኮ ነው የሚይዘው" አልኩት። "የቀረውን ምን ላድርግልህ? ዘይት ሲበዛ ለሞተር ሲሳይ ነው" አለኝ። እኔም ሞኝ፣ ጊዜ አጥሮኝ ነበርና ዝም አልኩ። እሁድ ሁለተኛው ዙር ላይ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ተንቦለቦለ። ከኋላዬ የነበረው ሰው እሳት መስሎት ቆመ። መለኪያውን ሳወጣው ዘይቱ እንደ ማኪያቶ አረፋ ነበር። አየር ማስገቢያ ቱቦው ውስጡ በዘይት ርሷል። ከሜዳው ዳር ተኝቼ ከአንድ ሊትር በላይ በላስቲክ ጠርሙስ አወጣሁ።

ይህ መብዛት ነው። ትንሽ ከፍ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ኩርባ ላይ ግፊታቸው እንደሚወድቅ በሚታወቁ ሞተሮች ላይ ሯጮች ከ0.3 እስከ 0.5 ሊትር ይጨምራሉ። ዓላማው መምጠጫዋ እንዳትራቆት ነው። ይሠራል፣ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። የዘይት ግፊት ጌጅ ሳታስገቡ ለምን እንደምትጨምሩ አታውቁም። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይ መብራት አትበቃም። እሷ የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ከ0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በታች አካባቢ። ትራክ ላይ እሷን አይታችሁ እግራችሁን እስክታነሱ ብሮንዚናው የሚሆነውን ሆኗል። የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 1,000 አርፒኤም 10 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) ነው፤ በ6,000 ላይ 60 ፒኤስአይ፣ ወደ 4 ባር መሆኑ ነው። ኩርባ ላይ መርፌው ከዚያ ድንገት የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ሸሽቷል። የማይወርድ ከሆነ መጨመር አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛው፣ በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው። 0.2 ሊትር፣ ሁለት ሦስት ዙር፣ ከዚያ ማየት። መለኪያው ላይ አረፋ፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ፣ አየር ቱቦ ውስጥ እርጥበት ካያችሁ አልፋችኋል።

ሦስተኛው፣ ማታ መልሶ ማውጣት ነው። የመኪናው መመሪያ ከላይኛው መስመር በላይ አትሙሉ የሚለው በከንቱ አይደለም። የሚቃጠለው ትርፍ ዘይት የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይበክላል። ለአንድ ቀን ያደረጋችሁትን ለአንድ ወር አትርሱት።

አማራጭ አራት፦ ኮፓ ውስጥ ግድግዳ ማስበየድ

ከዘይቱ መጠን ጋር መታገል የሰለቸው ሰው ወደዚህ ይመጣል። ኮፓው ይወርዳል፣ በመምጠጫዋ ዙሪያ አጫጭር የቆርቆሮ ግድግዳዎች ይበየዳሉ። መኪናዋ ስትታጠፍ ዘይቱ እንዳይሸሽ ይይዙታል። የተሻለው ዓይነት ዘይት ወደ ውስጥ የሚያስገባ ወደ ውጭ ግን የማያስወጣ ትንንሽ በር አለው።

ከገንዘቡ አንጻር ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የታችኛው ኮፓ የብረት ቆርቆሮ ስለሆነ ደህና በያጅ ይሠራዋል። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ተጨማሪ ያገለገለ ኮፓ ፈልጉና እሱ ላይ አሠሩ፣ ዋናውን አስቀምጡት። ሲሠራ ሁለት ነገር ቆማችሁ ተመልከቱ። የብየዳ ፍንጣሪ ውስጥ እንዳይቀር ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ። መምጠጫዋም ከኮፓው ወለል ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ይኑራት። ብትጠጋ ዘይት መሳብ ያቅታታል፣ ብትርቅ አየር ትስባለች። ግድግዳ ያለው ኮፓም ቢሆን እስከ ላይኛው መስመር መሞላት አለበት። ግድግዳ የሌለ ዘይት አይፈጥርም።

አምስትና ስድስት፦ የባለ ገንዘቦቹ

የግፊት መጠባበቂያ ጋን ማለት በግፊት ዘይት የሚያከማች ሲሊንደር ነው። ኩርባ ላይ ግፊት ሲወርድ ያጠራቀመውን ይለቃል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዘይት ማድረስ መቻሉም ጥሩ ነው። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል፣ ቧንቧው ሁሉ ደግሞ አዲስ የማፍሰሻ ቦታ ነው።

ደረቅ ኮፓ የሚባለው ዘይቱን ከሞተሩ ሥር አውጥቶ ሌላ ጋን ውስጥ ያስቀምጣል። ፎርሙላ 1 የሚሮጠው በዚህ ነው። ኩርባ ቢረዝም ባይረዝም ግድ የለውም፣ ክራንክሻፍቱም የተጠራቀመ ዘይት አይገርፍም። ሥርዓቱ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ለቪትዝ ይህን ያሰበ ካለ ቪትዟን ሽጦ ሌላ መኪና ቢገዛ ይሻለዋል።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ኩርባ ላይ ዘይት | አረፋና ጉልበት | ወጪ | ለሰኞ ሥራ |
|---|---|---|---|---|
| ጎደል | አደገኛ | የክራንክሻፍት ግርፋት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ግን ይዋዥቃል | መጀመሪያ ዜሮ፣ ኋላ ሞተር | አይሆንም |
| የላይኛው መስመር | ለአጭር ኩርባ በቂ | ጥሩ | አንድ ሊትር ዘይት | ይሆናል |
| ከ0.3–0.5 ሊትር ከፍ | የተሻለ | ካለፈ ጭስና አረፋ | ዘይትና ጌጅ | ከተቀነሰ በኋላ |
| ግድግዳ ያለው ኮፓ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ያገለገለ ኮፓና ብየዳ | ይሆናል |
| መጠባበቂያ ጋን | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በመቶዎች ዶላር | ይሆናል፣ ክትትል ይፈልጋል |
| ደረቅ ኮፓ | ከሁሉም የላቀ | ከሁሉም የላቀ | በሺዎች ዶላር | ለሰኞ አልተሠራም |

የቱ ለማን?

በዓመት አንድ ሁለቴ ለደስታ የምትሮጡ ከሆነ ሁለተኛው አማራጭ ይበቃችኋል። ተራ ጎማ፣ ሙሉ ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮ። ገንዘብ ከተረፈ ጌጅ ግዙ እንጂ ሌላ ነገር አትግዙ።

በየወሩ የምትሮጡ እና የሚይዝ ጎማ የገዛችሁ፣ ጌጁን አስገብታችሁ አንድ ቀን እዩ። መርፌው ከወደቀ ለጊዜው 0.3 ሊትር ጨምሩ፣ በሚቀጥለው ወር ኮፓውን አሠሩ። ሦስተኛው አማራጭ ለእኔ ወደ አራተኛው መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም።

ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር ያላችሁ፣ ምርጫችሁ ከአማራጭ በላይ ልማድ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የደከመ ሞተር ትራክ ላይ በአንድ ቀን የሚጠጣው ከተማ ውስጥ በወር ከሚጠጣው ሊበልጥ ይችላል። ጠዋት ሙሉ ነበር ማለት ከሰዓት ሙሉ ነው ማለት አይደለም። በየመውጫው ለኩ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር ማክበር ይኖርብናል። በባትሪ የሚሄድ መኪና የሚነዳው ጓደኛዬ መለኪያ ሳወጣ ባየኝ ቁጥር ይስቃል፣ ይሳቅ።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብዙ መካኒክ "20ደብሊው-50 አድርግበት፣ ወፍራም ነው፣ አይሸሽም" ይላል። ወፍራም ዘይትም ይሸሻል፣ ትንሽ ቀስ ብሎ እንጂ። በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ የቫልቭ ሥርዓቱንም ያንቀራፍፈዋል። የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅደው ውስጥ ለትራክ ቀን ወፈር ያለውን ምረጡ፣ ለምሳሌ 5ደብሊው-30 እና 5ደብሊው-40 ሁለቱም ከተፈቀዱ ሁለተኛውን። ማሸጊያው የተነካካ ከመሰላችሁ ግን ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት።

ያ የስታዲየሙ ልጅ ዘይቱን መለሰው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመን ለካን፣ ከታችኛው መስመር በላይ ጣት እንኳ አልነበረም። ለካ ግማሽ ሊትር ከመቀነሱ በፊትም ጎድላ ነበር። 0.8 ሊትር ገባላት። እሁድ ማታ ደውሎ "ጋሼ፣ ከኮን አንድ ብቻ ነው የመታሁት" አለኝ። ዘይቱን መልሶ ለክቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። "ነገ አያለሁ" አለ። አሁኑኑ ውረድና እይ አልኩት።